ቤት አታምጡብኝ

አገኘሽ የሱቁን ደፍ ስትሻገር ሰላምታ አልሰጠችም። በአንድ እጇ የልብስ ጥቅል ይዛለች፤ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋለች። ከኮኪት እስከ ገንዳ ውሃ በሚኒባስ ስትመጣ የለበሰችው አቧራ ቅንድቧ ላይ ተጋግሯል። ዋሲላ ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክካ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ እያጠፈች ነበር። ቀና ስትል የማታውቃት ሴት ፊቷ ቆማለች። ድምጿን ስትሰማ ግን ወዲያው አወቀቻት። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስትሰማው የከረመችው ድምፅ ነበር።

«ዋሲላ የምትባይው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እህቴ። ግቢ፣ አረፍ በይ።»

«አላርፍም። አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ቤት አታምጡብኝ ብዬሽ አልነበረም?»

የዋሲላ እጅ ቶቡን ለቀቀው።

«ብለሽኛል» አለች ቀስ ብላ። «አትደውሉልኝ ብለሽኛል። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ለምትሠራው ለባየሽ ስጧት ብለሽኛል። ምን ተፈጠረ?»

«ልጁ ቤቴ አመጣው። በጠራራ ፀሐይ ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ፣ የአገኘሽ ዕቃ ነው ብሎ ለባሌ በእጁ ሰጠው። ባሌም ፈታው።»

ዋሲላ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ ጥቅል ውስጥ ምን እንዳለ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለአራስ የሚሆን ለስላሳ ነጭ ቶብ ነበረበት። ከቶቡ እጥፋት መሃል ደግሞ በራሷ እጅ የጻፈችው ካርድ ነበር፦ «ዝናሽዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እህትሽ አገኘሽ።» አገኘሽ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ጻፊልኝ ብላ በድምፅ የለመነቻት ነው። ዝናሽ ታናሽ እህቷ ናት። ለአገኘሽ ባል ወንድም ታጭታ ሳለ ከወደደችው ሰው ጋር ወደ ጎንደር ጠፍታ ነበር፤ ጥቅሉንም ባየሽ ወደዚያ ልትልክላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባልየው የዚያች ልጅ ስም በቤቱ ከተነሳ አንቺም ተከተያት ብሎ ምሏል።

«ጎረቤት ጠርቶ አስነበበው» አለች አገኘሽ። «ከዚያ ልብሴን ወደ ውጭ ወረወረው። ልጄን ከጉያዬ ነጥቆ አስቀረብኝ። እኔ እኮ መልክሽን አይቼ አላውቅም። ድምፅሽን አምኜ ነው ጎጆዬን በእጅሽ ላይ ያስቀመጥኩት። ምነው እህቴ? ምን አድርጌሽ ነው?»

አገኘሽ መልስ አልጠበቀችም። ጥቅሏን አንስታ እንደመጣች ወጣች። ዋሲላን ያቃጠላት እፍረት ብቻ አልነበረም። ከእፍረቱ ሥር፣ ስሙን ለመጥራት የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። ዕቃውን ያደረሰው ሰፍዋን ነው።

*

የሐጂ አብዱረሕማንን ስም በገንዳ ውሃ የማያውቅ የለም። የሰሊጥ መጋዘን አላቸው፤ የጭነት መኪና አላቸው። አንዲት ሴት ልጃቸው ዋሲላ ግን የአባቷን ንግድ ትታ በግቢያቸው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ትንሽ ሱቅ ከፈተች። የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተው መተማ ዮሐንስ የገቡ ሴቶች ቶብ፣ ሽቶና የሰውነት ማሻ ድልካ ያቀርቡላታል። እሷ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትሸጣለች።

ሌላው ሻጭ «ስንት ልላክልሽ?» ይላል። ዋሲላ «እንዴት እንዲደርስሽ ትፈልጊያለሽ?» ትላለች። ሰውም ይነግራታል። አንዱ፣ እናቴ ጆሮዋ ይከብዳታልና ጠጋ ብላችሁ ንገሯት ይላል። አንዷ፣ ለአማቴ ከሰጣችሁብኝ አልቀበልም ትላለች። ሌላው ደግሞ፣ ሽቶው ለሚስቴ ነው፣ ጎረቤት ቀድሞ ካሸተተው ጨዋታው ፈረሰ ብሎ ያስቃታል። ዋሲላ አንዱንም አትንቅም። ሰው ዕቃ ሲያዝ የቤቱን በር ገርበብ አድርጎ ያሳያል፤ ያየሽው አማና፣ አደራ ነው ትል ነበር።

ይህን አማና ይዞ በየበሩ የሚዞረው ሰፍዋን ነው። ከወሎ ከሐርቡ ሰሊጥ ሊያርም መጥቶ በዚያው የቀረ ልጅ ነው፤ ቆላው እንዲህ ያለውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ ይለዋል። ኋላ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ዕቃ ሊረከብ ሲመጣ መመሪያውን በቃሉ ይወጣዋል። ሲወጣውም ስልኩን ትቶ የዋሲላን ዓይን ያያል።

«አልደውልም። በጓሮ በር እገባለሁ። ውሻ አለ። ለሴትየዋ ብቻ።»

«ውሻውን ልትረሳው ነበር።»

«ውሻውንማ አልረሳም፤ አንቺን ሳይ ሌላ ሌላው ነው የሚጠፋኝ።»

አንድ ቀን በዋሲላ ቻናል አንድ ትእዛዝ ገባ። ዕቃው አንድ ጠርሙስ ሁምራ ነው፤ የሱዳን ሙሽሮች የሚቀቡት ሽቶ። ላኪው ሰፍዋን ነው። ተቀባይ በሚለው ቦታ «ሻጯ ራሷ» ብሏል። ልዩ መመሪያ በሚለው ቦታ ደግሞ «ስትቀበል ትሳቅልኝ። ካልሳቀች ዕቃው ይመለስ፤ እኔም ወደ አገሬ እመለሳለሁ።» ዋሲላ ሱቁን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ እንባ ሆነ። ሽቶውን ከመደርደሪያዋ አንስታ ለራሷ ሰጠች። በማግስቱ ሊረከብ ሲመጣ ከአንገቷ ሥር የሚሸተውን ሽቶ አውቆ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለቱም አልተናገሩም።

ታላቅ ወንድሟ ኢሳ ግን ተናገረ። «የሐጂ አብዱረሕማን ልጅ ለሳሉግ?» አለ። እሱ ያሰበላት ሳጂድን ነው፤ አብደራፊ ላይ ትራክተሮችና ሰፊ እርሻ ያለውን የንግድ ወዳጁን። ዋሲላ እምቢ ብላ ነበር። እምቢ ያለችበት ልብ አሁን፣ አገኘሽ ከወጣች በኋላ፣ መሬቱን እንደለቀቀ ድንኳን ይርገበገብባት ጀመር።

*

ሰፍዋን ከሰዓት በኋላ እንደወትሮው እየሳቀ ገባ።

«የአገኘሽን ዕቃ ለማን ሰጠህ?» አለችው ሳይቀመጥ።

«ለባሏ። ቤቷ ወሰድኩት።»

«ምን ብዬህ ነበር?»

«መጀመሪያ ለባየሽ ስጥ አልሽኝ። ኮኪት ልገባ ስል ደግሞ፣ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ቤቷ ውሰድላት፣ ባሏ ይቀበልሃል ብለሽ ጻፍሽልኝ።» ሳቁ ከፊቱ መሄድ ጀመረ። «ምነው ዓለሜ? ምን ሆነሻል?»

«እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ የጻፍኩልህ?»

«አንቺ ነሻ!»

ስልኩን አወጣ። በጣቱ ወደ ላይ ሳበ፣ ወደ ታች ሳበ። እንደገና ወደ ላይ ሳበ። የዋሲላ የመጀመሪያ መልእክት አለ፤ ለባየሽ ስጥ የሚለው። ከሱ ቀጥሎ ምንም የለም።

«እዚህ ነበር» አለ። «ወላሂ እዚህ ነበር!»

ቴሌግራም ላይ የጻፈ ሰው መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት እንደሚችል ዋሲላ ታውቃለች። ግን የጻፈችው እሷ ካልሆነች ማን ያጠፋዋል? ስልኳ ከእጇ አይለይም። መክፈቻውን ከእሷ ሌላ የምታውቀው የኢሳ ሚስት ሩፊዳ ብቻ ናት፤ ሩፊዳ ደግሞ ከእህት የማትለይ ጓደኛዋ ናት። በዋሲላ ልብ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሰፍዋን ዋሽቷል።

ኢሳ ከግቢው በኩል ባለው በር ብቅ አለ። «ምን ትጠይቂዋለሽ?» አለ በረጋ ድምፅ። «ከባልየው ጋር ይተዋወቃሉ። ኮኪት አብረው ጫት ሲቅሙ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሳሉግን አማና ብለሽ ቤትሽ ካስገባሽ መጨረሻው ይኸው ነው።»

ሰፍዋን ወደ ኢሳ ዞሮ እንኳ አላየም። «ዋሲላ» አለ፤ «እሱ የሚለውን ተዪው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በዚያች ቅጽበት ብታየው ኖሮ ታምነው ነበር። ዓይኑ እንደዚያ ነበር። ግን አላየችውም። የአገኘሽን አቧራ የለበሰ ቅንድብ ነበር የምታየው፤ ከጉያዋ የተነጠቀውን ልጅ።

«ከዛሬ ጀምሮ የኔን ዕቃ እንዳትነካ» አለች። «እኔንም።»

ሰፍዋን ቀና ብላ ታየው እንደሆን ጥቂት ጠበቀ። ኋላ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የባጃጁ ድምፅ ራቀ። ዋሲላ ስልኳን አንስታ በቻናሏ ጻፈች፦ «ሰፍዋን የሚባለው ዕቃ አድራሽ የደንበኛ ምስጢር አሳልፎ ስለሰጠ ከእኛ ጋር አይሠራም። ማንም ዕቃ እንዳይሰጠው።» ስትልከው ቁስሉ የሚረጋ መስሏት ነበር። ሕመሙ የጀመረው ግን ከላከችው በኋላ ነው። የወደደችው ሰው ከዳት ማለት የገዛ ልቧ ከዳት ማለት ነበር፤ ከገዛ ልቧ ደግሞ የት ትሸሽ?

*

ገንዳ ውሃ ትንሽ ከተማ ናት። ማስታወቂያውን ያላነበበ ሰምቶታል። የባጃጁ ባለቤት ቁልፉን ከሰፍዋን ተቀበለ። ሰፍዋን ወዴት እንደሄደ ሰው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የሳጂድ ሽማግሌዎች ሲመጡ «እንደፈለጋችሁ» አለች። ይህን ያለችው ወዳው ሳይሆን፣ ለሌላ መልስ የሚሆን ጉልበት ስላጣች ነው።

ሳጂድ የላከውን የሙሽራ ቶብ ሩፊዳ በግቢው ጥላ ሥር ዘርግታ ታየዋለች። ዋሲላ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ቶቡን ግን አላየችውም። ድንገት ሩፊዳ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው ሩፊዳ?»

«ዋሲዬ፣ እሺ አትበዪ። ይሄን ጋብቻ እሺ አትበዪ።»

«ለምን? አንቺ አይደለሽ እንዴ ሳጂድ ጨዋ ነው ያልሽኝ?»

«ሳጂድ ምን አደረገ? እኛ ነን!» ሩፊዳ ቶቡን ከፊቷ አወረደች። «የዚያን ቀን፣ ዙህር ልትሰግጂ ስትገቢ፣ ስልክሽን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ዋሲላ አልገባትም። «ለምን ከፈትሽው?»

«ኢሳ ነው ያዘዘኝ። ከልጁ ጋር ምን እንደምትጻጻፊ ልይ ብቻ አለኝ። ላየው ብቻ አለኝ ዋሲዬ! ከፍቼ ሰጠሁት። አጠገቡ ቆሜ ሳየው ይጽፋል። ለሰፍዋን ነው የሚጽፈው፤ ቤቷ ውሰድላት እያለ። ከዚያ ሰፍዋን "እሺ" ብሎ እስኪመልስ ጠበቀ። ኋላ የሱንም የልጁንም አጠፋው፤ ከሁለቱም ስልክ። አንቺ ሰግደሽ ስትወጪ ስልኩ ቦታው ላይ ነበር።»

ከግቢው ማዶ የሰሊጥ ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ዋሲላ ያንን ድምፅ እየሰማች፣ ከሩፊዳ ፊት ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። በልጅነት ጸጉሯን የሠራችላት፣ ስለ ሰፍዋን የመጀመሪያውን ወሬ ያዋየቻት ሴት ናት።

«ሰፍዋን ሱቁ ውስጥ ቆሞ ወላሂ እያለ ሲምል የት ነበርሽ?»

ሩፊዳ ቶቡን ማጠፍ ጀመረች።

«የት ነበርሽ ነው የምልሽ?»

«ከግቢው በር መጋረጃ ጀርባ።»

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ልወጣ ብዬ... ኢሳን ፈራሁት። ከዚህ ቤት ብወጣ መግቢያ የለኝም።»

ዋሲላ ልትጮህ ፈለገች፤ ልትመታት ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ድንገት የማታውቃት እንግዳ ሆነችባት፤ ይህ እንግድነት ከንዴት ይልቅ አጥንቷን አቀዘቀዘው።

*

ለምሳ ሁሉም ተሰብስበዋል። ዋሲላ ቆማ ተናገረች። ሩፊዳ የነገረቻትን አንድ ሳታስቀር በአባቷ ፊት ዘረዘረችው። ኢሳ የጎረሰውን ውጦ እጁን ታጠበ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ሴትየዋን ያባርራታል ብዬ በየት በኩል ላስብ? አንዷ ደንበኛ ተቆጥታ ትደውላለች፣ አንቺም ልጁን ታባርሪዋለሽ፣ በዚያው ያልቃል ብዬ ነው። ለአንቺው ብዬ ነው። ነገ ተርበሽ ብትመጪ የምቀበልሽ እኔ አይደለሁም?»

«ለኔ ብለህ የሰው ትዳር አፈረስክ?»

«አታጋንኚው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ይታረቃሉ።»

ዋሲላ ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሐጂ አብዱረሕማን መቁጠሪያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰው ሁሉ ለፍርድ የሚመርጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ፣ ገበሬ ከደላላ ሲካሰስ፣ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ዋሲላ ያንን ፍርድ ጠበቀች።

«ነውር ሠርቷል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እቀጣዋለሁ። ግን ከዚህ በር እንዳይወጣ። የቤት ገመና አደባባይ አይሰጣም ልጄ። የሳጂድ ሰዎችም ቃል ተቀብለዋል።»

«ሰፍዋንስ? በከተማው ሁሉ ፊት ያዋረድኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«አላህ ይክሰዋል።»

«አባ፣ አማና የበላ ሰው ነገ በአላህ ፊት ምን እንደሚሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«አስተምሬሻለሁ። ኢሳ ግን ልጄ ነው።»

«እኔስ?»

ሐጂ አብዱረሕማን ራሳቸውን አቀረቀሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዋሲላን የገደላትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ትጠላቸው ነበር። ያ የምትወደው ሽበት ከፊቷ ሲያቀረቅር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ተደግፋው የኖረችው ግድግዳ ድምፅ ሳያሰማ ሲናድ ተሰማት።

*

እንደወጣች በሚኒባስ ወደ ኮኪት ሄደች። አገኘሽ በባየሽ ቤት ተጠግታ ነበር። ልጇ ጉልበቷ ላይ ተኝቷል። አማቷ፣ እናቱ እያለች ልጁ የሙት ልጅ አይሁን ብላ ከልጇ ተጣልታ አምጥታላታለች። ባልየው ግን በሩን አልከፈተም።

ዋሲላ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። «አደባባይ ልናገር ነው» አለች ስትጨርስ። «ካልፈቀድሽልኝ ግን አልናገርም። እንደገና ያላልሽውን አላደርግብሽም።»

አገኘሽ ለረጅም ጊዜ የልጇን ጸጉር ዳበሰች።

«ስሜን አትጥሪ» አለች። «የእህቴንም፣ የቀበሌዬንም። ሌላውን ተናገሪ። ልጁ ምስኪን ነው። ዕቃውን ለባሌ ሲሰጠው፣ እህታችን አትደክም ብዬ ነው ቤት ያመጣሁት እያለ ነበር። እኔን እየረዳ መስሎታል።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺን ይቅር ብያለሁ። ወዳጅ ልሁንሽ ግን አልልሽም።»

ዋሲላ ከባየሽ ደጅ ቆማ በቻናሏ በገዛ ድምፅዋ ተናገረች። «የደንበኛዬን አማና የበላው ሰፍዋን አይደለም። ከእኔ ስልክ፣ ከእኔ ቤት በወጣ መልእክት ተታሎ ነው። መልእክቱን የጻፈው የገዛ ወንድሜ ነው። ሰፍዋን እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ አላመንኩትም። ስሙን በአደባባይ አጠፋሁ፤ በአደባባይ እመልሳለሁ። እንዴት እንዲደርሳችሁ እንደምትፈልጉ የነገራችሁኝ ሁሉ፣ ከእንግዲህ ብታምኑኝም ባታምኑኝም ፍርዱ የእናንተ ነው።» ወደ አባቷ ቤት የሚመለስ መንገድ በዚህ ቃል እንደተዘጋ ታውቃለች። ቢሆንም ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ሙሉ አየር ገባላት። ሰፍዋን ይሰማው ይሆን? የሚለው ተስፋም አብሮ ገባ።

*

ሰፍዋንን እያጠያየቀች ያገኘችው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። የአጨዳ ወቅት ስለሆነ ከጎጃምም ከወሎም የወረደው ሠራተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ደላሎች ይጮኻሉ፤ ወደ አብደራፊ የሚሄድ አይሱዙ ሰው እየጫነ ነው። ሰፍዋን ከመኪናው ጥላ ሥር ማጭዱን በጨርቅ ይጠቀልላል። ከስቷል። ጸጉሩ አድጓል። ሲያያት አልደነገጠም፤ አልሳቀም።

«ሰማሁት» አለ ቀድሟት። «ድምፅሽን። ልጆቹ እየደጋገሙ ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም ይለኛል። አላህ ይስጥሽ።»

«ሰፍዋን...»

«ተቀመጪ፤ ፀሐይ ነው።»

አልተቀመጠችም። «ኢሳ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። ሩፊዳም። አባቴም። ሁሉም ከዱኝ።»

«ኢሳ እኔን አልከዳኝም» አለ ሰፍዋን። «ኢሳ ከመጀመሪያውም አይወደኝም፤ አውቃለሁ። ጠላት አይከዳም ዋሲላ። መክዳት የወዳጅ ነው።»

ዋሲላ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ያ መልእክት ሲደርሰኝ ገርሞኝ ነበር» አለ፤ ማጭዱን መሬት አስቀመጠው። «ሴትየዋ ቤት አታምጡብኝ እያለች ዋሲላ እንዴት ቤቷ ውሰድላት ትለኛለች አልኩ። ልደውልልሽ ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። አንቺን መጠራጠር ነውር መሰለኝ። ዋሲላ ካለች ምክንያት አላት አልኩ። አንቺ ግን እኔን ቀና ብለሽ ሳታዪኝ ፈረድሽብኝ።»

«ማስረጃ አጣሁ! መልእክቱ አልነበረም! በምን ልመንህ?»

«በኔ። ማስረጃው እኔ አልነበርኩም? ስንት በር ልከሽኛል፤ አንድ ቀን የሰው ገመና ከአፌ ወጥቶ ሰምተሻል? ወንድምሽ ሳሉግ ሲለኝ ለምጄዋለሁ፤ ሰውነቴ ደንድኗል። አንቺ ቃሉን አላልሽውም። ግን እንደዚያ ቃል አየሽኝ።»

ደላላው የተጫኑትን ሰዎች እየቆጠረ ይጮኻል። ዋሲላ እጇን ዘረጋች፤ እጅጌውን ያዘችው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው፤ ግድ አልሰጣትም።

«ሳጂድን እምቢ ብያለሁ። ቤቴን ለቅቄ ወጥቻለሁ። ምን ላድርግልህ? ንገረኝ፤ የምትለውን ሁሉ አደርጋለሁ።»

«ምንም። ማድረግ ያለብሽን አድርገሻል። ስሜን መልሰሽልኛል።»

«አትወደኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ረጠበ። በእጁ ጀርባ ጠረገው፤ የጠረገበት አቧራ ጉንጩ ላይ መስመር ሠራ።

«እወድሻለሁ። የከፋውስ እሱ አይደል? ብጠላሽ ገንዳ ውሃ እቀመጥ ነበር። በሱቅሽ በር ባጃጅ እየነዳሁ አልፍ ነበር። ስለምወድሽ ነው የምሄደው። አንቺ ፊት ስቆም ያን ቀን እየመጣ ይይዘኛል፤ ዓይንሽን ወደ እኔ እስክታዞሪ የጠበቅኩት ያ ጊዜ። አሁንም እየጠበቅኩ ነው የሚመስለኝ።»

«እያየሁህ ነው እኮ! ይኸው እያየሁህ ነው!»

«አውቃለሁ» አለ በለሆሳስ። «ዘገየሽ።»

እጅጌውን ከእጇ ቀስ አድርጎ አላቀቀ፤ እንዳያማት የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። ማጭዱን አነሳ። ከላይ ያሉት ልጆች እጁን ይዘው ጎተቱት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከሰዎቹ መሃል ፊቱን ፈለገች። አገኘችው። እሱም እያያት ነበር፤ እስኪርቅ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ጀርባውን ቢሰጣት ኖሮ ይህን ያህል ባላመማት።

አቧራው ሲረግፍ መንገዱ ዳር ብቻዋን ቆማ ነበር። ለሠራተኛ ውኃ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ጀሪካናቸውን ትተው መጡ። ክንዷን ይዘው ወደ ዳሳቸው ወሰዷት። አስቀመጧት፤ ውኃም ሰጧት። ፊቷን አየት አድርገው በጎጃም አነጋገራቸው፣

«ምነው ልዤ? ማን ነው የከዳሽ?» አሏት።

ዋሲላ የምትመልሰው ብዙ ነበራት። ኢሳ ልትል ነበር። ሩፊዳ ልትል ነበር። አባቴ ልትል ነበር። ከቤቷ ወጥታ እዚህ እስክትደርስ ድረስ በልቧ ስትደጋግማቸው የመጡ ስሞች ናቸው። አንዱም ከከንፈሯ አልወጣ አለ።

«እኔ ነኝ የከዳሁት፣ እማማ» አለች።

አሮጊቷ ጭንቅላቷን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። ዋሲላ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ያላለቀሰችውን፣ በአባቷም ፊት ያላለቀሰችውን ለቅሶ በማታውቃቸው ሴት ቀሚስ ላይ አለቀሰችው፤ ለራሷ ሳይሆን፣ ዓይኗን ወደ እሱ እስክታዞር ድረስ ቆሞ ለጠበቃት ለዚያ ልጅ።